ወንበሩ እዚያው ነው

ኪዳንን የሰደቡት መሪጌታ ተክለሃይማኖት ነበሩ፤ ቀኑም ኅዳር ዐሥራ ሦስት 1987 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ፀሐይ ገና ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ጥዶች ጫፍ ሳትላቀቅ። ኪዳን ሌላ ሌላውን ይረሳል። የእናቱን የሙት ዓመት ሰው ካላስታወሰው ያልፈዋል። ይቺን ግን አይስታትም። ዐሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ የሰነበተባትን ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይዞ ከመምህሩ ፊት ቆመ። አርባ የቅኔ ተማሪ ዙሪያውን ተቀምጧል። ቅኔውን ነገራቸው። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፍነው አደመጡ፤ ቆዩ፤ ከዚያም ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ «አንተ ልጅ፣ ቃል ከብዶሃል። ሂድና መጫኛ ተሸከም» አሉት።

አርባው ሳቀ። ማን ቀድሞ እንደ ሳቀ፣ ማን አፉን በለምዱ ጫፍ እንደ ሸፈነ፣ ኪዳን እስከ ዛሬ በየተቀመጡበት ቦታ ያውቃቸዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሙ ጠፍቶ «መጫኛው» ሆነ። በሳምንቱ አኩፋዳውን አንጠልጥሎ ሲወጣ፣ የት ትሄዳለህ ያለው አንድ ሰው አልነበረም።

ይህ ከሆነ ሠላሳ ዓመት አለፈ። አሁን ነሐሴ ነው፤ ንፋስ መውጫ በጉም ተውጣለች። ኪዳን ከመሐሙድ የጨርቅ ሱቅ በረንዳ፣ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ የሰው ሱሪ ያሳጥራል። ጉሙ ከመንገዱ ማዶ ያለውን ፋርማሲ አንዴ ይሰጣል፣ አንዴ ይነሣል። ባጃጆቹ ድምፃቸው ቀድሞ ይመጣል፤ አካላቸው ኋላ ይከተላል፤ አንዳንዱም ድምፁ ብቻ አልፎ አካሉ ሳይታይ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ቀን ከተማዋ ራሷ ተኝታ የምታያት ሕልም ትመስላለች፤ ሰውም በሕልሟ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ የሚያልፍ።

ዛሬ ግን ኪዳን ጢሙን ተላጭቶ፣ የዓመት በዓል ኮቱን ለብሶ ነው የመጣው። በኮቱ የውስጥ ኪስ አንድ አሮጌ ደብተር አለ። በደብተሩ መካከል የተቀደደ ቅጠል ሥር ይታያል።

ከሱቁ ውስጥ ዘፈኑ እንደገና ተጀመረ። መጀመሪያ ጊታሩ መጣ፤ በድንጋይ ላይ እንደሚጎተት ቆርቆሮ እየተፋጨ፣ እየጮኸ። ከበሮው ደረበበት። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መካከል የዘፋኟ የሀይማኖት ድምፅ፣ ከእንቅልፉ ያልነቃ ሰው ድምፅ ይመስል፣ ቀስ ብሎ ተነሣ።

በሬን አልዘጋሁም፣ ጉሙም ገብቶ ይውጣ፤
ወንበሩ እዚያው ነው፣ ቆይተህ ብትመጣ።
ዓይንህ ሲደክም ነው፣ እኔን የምታየኝ፤
እግርህ ሲዝል ነው፣ ደጄ የምታገኘኝ።

ሀይማኖት የዚሁ ከተማ ልጅ ናት። ባሕር ዳር ወርዳ ከሮክ ተጫዋቾች ጋር ገጥማ፣ እነሆ ይህ ዘፈን ከግንቦት ጀምሮ ከየስልኩና ከየባጃጁ ይወጣል። በስልክ በሚታይ አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ የግጥሙ ባለቤት ማን እንደሆነ ተጠይቃ ነበር። «ከልብስ ሳጥኔ ውስጥ ካገኘሁት ወረቀት ነው የወሰድኩት» አለች። «የማን እንደሆነ አላውቅም። ትርጉሙንም አላውቅም። የጻፈው ሰው ካለ ይምጣና ይንገረኝ፤ ስሙን እጽፍለታለሁ።»

ኪዳን ያውቃል። ጋዜጣ ከከተማው ከጠፋ ወዲህ፣ ተሰፍቶ ያለቀውን ልብስ የሚጠቀልለው ግጥሙን ከሚጽፍበት ደብተር በሚቀድደው ቅጠል ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የሀይማኖትን ጥቁር ጉርድ ቀሚስ ሲጠቀልል በየትኛው ገጽ እንደ ጠቀለለ አላየም። ዘፈኑን መጀመሪያ ከአንድ ባጃጅ ውስጥ የሰማ ዕለት እግሩ መርገጫው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ዛሬ ከሰዓት አልበሙን ትለቀዋለች» አለች ነጃት ከባንኮኒው ኋላ። የመሐሙድ ልጅ ናት፤ ከሀይማኖት ጋር አንድ ክፍል ተምራለች። «አሁንም ደወለችልኝ። ሰውየው ካልተገኘ ግጥም ያልታወቀ ሰው ብዬ እጽፋለሁ ነው የምትለው። ያሳዝናል።»

«ምኑ ያሳዝናል?» አለ መምህር ኤፍሬም። የበረንዳውን ምሰሶ ተደግፎ ጉሙ እስኪገለጥ ይጠብቃል። ኤፍሬም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፤ ባለፈው ዓመት በጥምቀት ማግሥት፣ ሁለት ሴቶችና አንድ ቄስ እያዩ፣ ኪዳን የሰቀላትን ማስታወቂያ በጠመኔ ያረመ ሰው ነው። ኪዳን ጠመኔው ነጭ እንደ ነበር ሁሉ አይረሳም። «ስሙን ቢደብቅ ብልህ ነው። ወንበር ያለው ምን ይመስልሻል? ሥልጣን ነው። በር ያለው አገር ነው። ሕዝቡ ነው የሚናገረው፤ ዛሬ አታየኝም፣ ስትደክም ታየኛለህ እያለ።»

«መምህር» አለ መሐሙድ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ፣ «ፖለቲካውን ከበረንዳው ወዲያ አድርግልኝ። ጨርቁ ይረጥብብኛል።»

«ፍቅር ነው እንጂ» አለች ነጃት። «ትቷት ሄደ። እሷ በሯን አልዘጋችም። ምኑ ይከብዳል?»

«በሯን ባትዘጋ ሌባ ነው የሚገባባት።»

«መምህር፣ እርስዎ ወደውም አያውቁ።»

መሐሙድ ሳቀ። ኪዳን አልሳቀም። ክሩን በጥርሱ በጠሰ። ሦስት ወር ሙሉ እንዲህ ሲሉ ሰምቷል፤ በሻይ ቤት፣ በመናኸሪያ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር። ቃሉን እያገላበጡ፣ እንደ መጽሐፍ ንባብ አንድ ብለው ሁለት እያሉ ሲተረጉሙ፣ እሱን የሱሪ ቁመት ብቻ ይጠይቁታል። ዛሬ ግን ይናገራል። ደብተሩን አውጥቶ ከባንኮኒው ላይ ያኖረዋል፤ የኤፍሬም ፊት ሲለወጥ ያያል። ስሙም በዚህች ከተማና ከዚህች ከተማ ወዲያ፣ በየስልኩ፣ ኪዳን ተብሎ ይጻፋል። ማን መጫኛ እንደ ተሸከመ ያን ጊዜ ይታያል።

አንድ ነገር ብቻ ይቆረቁረዋል። ስምህን ንገረን ያለ ሁሉ ትርጉሙንስ ይላል። ትርጉሙ ደግሞ አገርም አይደለም፣ ፍቅርም አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት አንድ የቤተ ልሔም ዲያቆን ቀሚስ ሊያሰፋ መጥቶ፣ የመሪጌታ ተክለሃይማኖት ዓይን እየደከመ መሆኑን ነግሮት ነበር። ኪዳን ደስ አለው፤ ደስ ስላለውም አላፈረም። ዲያቆኑ ሲወጣ ደብተሩን ገልጦ ጻፈ። ማለቱም እንዲህ ነበር፦ በሩ ክፍት ነው፤ እየዳበስክ ትመጣለህ። ወንበሩ እዚያው ነው፤ ደንበኛ የሚቀመጥበት፣ ከመኪናዬ ፊት ያለው። ያን ጊዜ ታየኛለህ፤ ከፊትህ እንደ ቆምኩ ከፊቴ ትቆማለህ። እርግማን ነበር። ቃሉ በጣም ለስልሶ ስለወጣለት ራሱም ትንሽ ደንግጦ ነበር።

«ነጃት» አለ።

«አቤት ጋሽ ኪዳን።»

ይህን ጊዜ አንዲት ባጃጅ ከጉሙ ወጥታ ከበረንዳው ጥግ ቆመች። ሹፌሩ ደምሌ ወርዶ የኋላውን ሸራ ገለጠ። መጀመሪያ መቋሚያ ወጣ፣ ቀጥሎ ነጭ ጥምጥም፣ ቀጥሎ ምድርን የሚፈልግ ቀጭን እግር።

«ቀስ ይበሉ የኔታ፣ ደረጃ አለ» አለ ደምሌ ክንዳቸውን ይዞ። «ከመናኸሪያ በእግሬ ካልሄድኩ ብለውኝ ነበር። እግሬ ዝሏል ሲሉ፣ እንግዲያማ ዘፈኑ እግርህ ሲዝል ያለው የኔን ባጃጅ ነው ብዬ አመጣኋቸው።»

ኪዳን አወቃቸው። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ግማሽ ሆነው፣ ዓይናቸው እንደ ወተት ነጥቶ፣ አወቃቸው። መሐሙድ ከባንኮኒው ወጥቶ እጃቸውን ሳመ፤ ለቤተ ክርስቲያኑ መጋረጃ ጨርቅ የሚያስወስዱት ከአባቱ ዘመን ጀምሮ ከዚህ ሱቅ ነው፤ ራሳቸው ሲመጡ ግን ኪዳን እዚህ ከተቀመጠ ወዲህ የመጀመሪያቸው ነው። «ይቀመጡ የኔታ» አለና የኪዳንን የደንበኛ ወንበር ስቦ አስቀመጣቸው። ጉልበታቸው የስፌት መኪናውን ጠርዝ ነካ።

ኪዳን ይህን ቀን ብዙ ጊዜ አይቶታል፤ ካውያ ሲያግል፣ ቁልፍ ሲተክል፣ ሲያንቀላፋ። በሚያየው ሁሉ ደስታ ነበረበት። አሁን ደስታውን ቢፈልገው አጣው። ያለው የሽማግሌ ትንፋሽና የረጠበ ጋቢ ሽታ ብቻ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ የሚጮኸው?» አሉ መሪጌታው።

ነጃት ፈጥና አጠፋችው። «ዘፈን ነው የኔታ፣ ይቅርታ።»

«ጩኸቱን አይደለም። ከጩኸቱ ሥር ቃል ሰማሁ። እስቲ ያለ ጩኸቱ በይው።»

ነጃት አባቷን አየች። ከዚያ እጇን አጣምራ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ፣ አራቱን ስንኝ በቃሏ አለቻቸው። መሪጌታው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ኪዳን ይህን ጭፈና ያውቀዋል። አርባ ሰው ዙሪያውን የተቀመጠ መሰለው፣ ጉሙ ውስጥ፣ ለምድ ለብሰው፣ ሊስቁ ዝግጁ ሆነው።

አንድ ባጃጅ በድምፅ ብቻ አለፈ።

«ሰው የሆነ ሰው ነው ይሄን ያለው» አሉ በመጨረሻ። «ማን ነው ያለው?»

«አይታወቅም የኔታ» አለች ነጃት። «እኛም ትርጉሙን ስንከራከር ነው የቆየነው።»

«ትርጉም ከሆነ፣ መጀመሪያ ማን ለማን ተናገረው ይባላል።» ጣታቸውን አነሡ፤ ጣታቸው አልተለወጠም። «ፈጣሪ ለሰው የተናገረው ነው። ሰው ጉልበት ሳለው ደጁን ያልፋል፤ ሲደክም ያየዋል። አንድም፣ የሞተ ለቆመ የተናገረው ነው፤ ቆይተህ ብትመጣ ማለቱ። አንድም...» መሐሙድ ለመጋረጃ ብሎ ጉልበታቸው ላይ ያኖረላቸውን ጨርቅ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «አንድም፣ የተበደለ ለበደለ የተናገረው ነው። ይቅር ብሎታል።»

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ ኤፍሬም፣ «እንዲያ ከሆነ እርግማንም ይሆናላ። ዓይንህ ይድከም፣ እግርህ ይዛል፣ ያን ጊዜ እንገናኝ ማለቱ።»

የኪዳን እግር መርገጫውን ሳያስበው ረገጠ፤ መኪናው ባዶውን ሁለት ጊዜ ወጋ። ከዓለም ሰው ሁሉ ትርጉሙን ያገኘው ይሄ ሰውዬ ሆነ።

መሪጌታው ፈገግ አሉ። «የሚራገም ሰው ወንበር አይተውም፣ ልጄ። በሩን ዘግቶ ነው የሚራገም። ይሄ ሰው አፉ ሊራገም ተነሥቶ ይሆናል፤ እሱን አላውቅም። እጁ ግን ወንበር አኖረ።»

ጉሙ ከበረንዳው ገብቶ በመሐሙድ ጣቃዎች ላይ ተኛ። ኪዳን የገዛ ቃሉን አሁን ገና እንደሚሰማ ሰው አንድ በአንድ አሰበው። ወንበሩን ማን አስገባው? ዓይን ይበቃ ነበር፣ እግር ይበቃ ነበር። ያን ዕለት ወንበሩን ሲጽፍ ልቡ ምን ነበር? ቢፈልግ ቢፈልግ ቂሙን እንጂ ሌላ አላገኘም፤ ቂሙም አሁን እንደ ማዶው ፋርማሲ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል።

«እኔም ያባረርኳቸው ልጆች አሉ» አሉ መሪጌታው ለማንም ሳይሆን። «በክፉ ቃል። ወጣት ነበርኩ፤ ክፉ ቃል ሲያምርልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ስንት እንደሆኑ አላውቅም። ስማቸውን ረስቻለሁ።»

ረስቻለሁ። ኪዳን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የጥዱን ጫፍ ሠላሳ ዓመት ተሸክሞ፣ እሳቸው ረስተዋል። ደረቱ ውስጥ የነደደው የጥንቱ እሳት ነው፤ አውቆታል፤ ግን የሚነደው ብቻውን አልነበረም፣ ከሥሩ ውኃ የመሰለ ነገር ነበረ፣ ስም ያላወጣለት።

«ጋሽ ኪዳን» አለች ነጃት ስልኳን እንደ ያዘች፣ «ቅድም ሊሉኝ የነበረው ምንድን ነው? ሀይማኖት እየጠበቀች ነው። ወይስ እርስዎም ትርጉም አለዎት?»

«ባለ ግማሽ ዲግሪው ይናገር እንጂ» አለ ደምሌ፤ ትምህርቱን ከመንገድ የተወ ማለቱ ነው፣ ሁልጊዜ ኪዳንን እንዲህ ይለዋል።

መሪጌታው ፊታቸውን ወደ መኪናው አዞሩ። «ልብስ ሰፊው ነህ? ከመጣሁ ድምፅህን አልሰማሁም። ትንፋሽህን ግን እሰማለሁ። የማን ልጅ ነህ አንተ?»

ነጩ ዓይን ከፊቱ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር። ኪዳን አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ቢናገር ድምፁን ያውቁት ይሆናል። ድምፁን ቢያውቁት ስሙን ይጠይቃሉ፣ ስሙን ቢናገር ግጥሙን፣ ግጥሙን ቢናገር ልቡን። ያን ጊዜ ከሁለቱ አንዱን ማለት አለበት፤ የኔታ ልክ ናቸው፣ ወይም ኤፍሬም ልክ ነው። የትኛው ውሸት እንደሆነ አላወቀም።

ተነሣ። ሱሪውን አጥፎ ከመኪናው ላይ አኖረው፤ መርፌውን ከጨርቁ ነቅሎ ከመርፌ መሰኪያው ላይ ሰካ። በመሪጌታው ጉልበትና በምሰሶው መካከል በጎኑ ሾልኮ ወጣ፣ ልብሳቸውን ሳይነካ።

«የት ይሄዳሉ ጋሽ ኪዳን? ዝናብ መጣ እኮ» አለች ነጃት።

ደብተሩን ከኮቱ ኪስ ሳያወጣ ደረጃውን ወረደ። ከኋላው የመሪጌታው ድምፅ አንድ ጊዜ ተነሣ፤ ጥያቄ ይሁን ምርቃት አልለየውም፤ ለመለየትም አልቆመም። ከዐሥር እርምጃ በኋላ በረንዳው አልነበረም። ከሃያ በኋላ መንገዱም አልነበረም፤ እግሩ ብቻ ነበረች፣ ጭቃዋን እያወቀች የምትሄድ።

ከጉሙ ውስጥ፣ ከታች ከመናኸሪያው በኩል፣ የማይታይ ሰው «ማነህ?» ብሎ ሌላ የማይታይ ሰው ጠራ። «እኔ ነኝ» ሲል መለሰለት ያኛው፣ ቀለል አድርጎ፣ ሌላ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁሉ። ኪዳን ሁለቱንም ሰምቶ በመካከላቸው አለፈ።