እስኪቃኝ ድረስ

«ትተዋለህ ወይስ አትተውም?» ነበር ያሉት አባቷ።

ከዚያ በኋላ የተባለውን ተሻለች ግማሹን ብቻ ነው የምታስታውሰው። ጓዳ ውስጥ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ሽማግሌዎቹ መጥተው ከሄዱ በኋላ አባቷ አቶ ወልደአማኑኤል «ልጁ ራሱ ይምጣና በአፉ ይንገረኝ» ብለው ሽማግሌ የላከውን ጀቤሳን አስጠሩት። ልጄን ለማሲንቆ መቺ አልሰጥም ማለታቸውን ሰምታለች። ጀቤሳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ ነገር መለሰ፤ ከመልሱ «ብቻ» የምትለዋ ጆሮዋ ውስጥ ቀረች። እናቷ እጇን ይዘው ወደ ጓሮ ሲያወጧት ደግሞ አባቷ ሲስቁ ሰማች። አባቷ የሚስቁ ሰው አልነበሩም።

እንግዲህ ተጋቡ። ጀቤሳም ማሲንቆ በእጁ ይዞ አይታው አታውቅም። ትቶታል ብላ ነው የኖረችው። ልጅነት ነበር፣ አለፈለት።

አሁን አዳማ ውስጥ፣ እድሩ በተከለው ድንኳን ሥር ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ያ የአባቷ ሳቅ ይመጣባታል። ጀቤሳን ረቡዕ ቀበሩት። ማክሰኞ ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ልቡ ቀጥ አለች፤ አንዱ ጫማው ሳይታሰር ቀረ። ታላቅ እህቷ አሰለፈች ሬሳው ከቤት ሳይወጣ የሬዲዮኑን ሶኬት ነቅላ ነጠላ አለበሰችው። ለቅሶ ቤት ሬዲዮ አይከፈትም። ባጃጆቹ እንኳ ድንኳኑ ጋ ሲደርሱ ዘፈናቸውን ቀንሰው ነው የሚያልፉት።

ሐሙስ ራህመቶ መጣ። በከተማው ሬዲዮ ጣቢያ ከጀቤሳ ጋር ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያና ወዲህ ሆነው የሠሩ ቴክኒሻን ነው። ጀቤሳ እሁድ ከሰዓት አንድ ሰዓት የሚቆይ ዝግጅት ነበረው። ከባቱም ከቢሾፍቱም በየሠርጉ የሚዞሩትን ተጫዋቾች ስቱዲዮ ያስገባና፣ የተቀዳ ሳይጨምር፣ እዚያው በቀጥታ ያጫውታቸዋል። ራህመቶ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጦ የመጣበትን ነገር ዙሪያ ጥምጥም እየሄደ ነገራት። የጣቢያው ኃላፊ የጀቤሳ ባለቤት ከፈቀደች ዝግጅቱ ይቀጥል፣ ካልፈቀደች ሰዓቱ ለኳስ ወሬ ይሰጥ ብለዋል። አንዴ የተሰጠ ሰዓት ደግሞ አይመለስም። ኢፍቱ የምትባል የባቱ ልጅ ለዚህ እሁድ ተራ ይዛ ነበር፤ ሌላ የሚያሰማት ጣቢያ የላትም።

«አፈሩ ሳይደርቅ?» አለች ተሻለች።

«ልክ ነዎት እትዬ» አለና አንገቱን ደፋ። ግን አልሄደም። ወንበር ሲያነሳ፣ ውሃ ሲያቀርብ ዋለ፤ በማግስቱም ተመልሶ መጣ።

አርብ ሰልስቱ ወጣ። ቄሱ ጸሎት አድርሰው ከሄዱ በኋላ ሴቶቹ ንፍሮውን እየቆነጠሩ ስለ ሟች ማውራት ጀመሩ። ደግነቱን ተናገሩ፤ ዝምታውን ተናገሩ። ጎረቤቷ እማማ ቡዜ ግን አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ሌላ ነገር አነሱ።

«ያ ደገፋ የሚሉት ማሲንቆ መቺ ነው እኔን የሚያቃጥለኝ። ያለችው አንዲት ጭራ ናት። እሷን እስኪቃኝ እኮ የእኔ ሽሮ ይበስል ነበር።»

ሴቶቹ ሳቃቸውን ዋጡት። የተሻለችም ከንፈር ላላ ለማለት ቃጥቶት ነበር። እውነታቸውን ነው። የጀቤሳ ዝግጅት ሁልጊዜ የሚከፈተው በደገፋ ማሲንቆ ነው፤ ከዚያ በፊት ግን መቃኘቱ አለ። ጀቤሳ «መሣሪያው እስኪቃኝ ታገሱን» ይልና ዝም ይላል። ከዚያ ያቺ ጭራ ትንጫጫለች፤ ትወጣለች፣ ትወርዳለች፣ ዜማ ልትሆን ስትል ትቆምና እንደገና ትጀምራለች። ተሻለች ወጥ ቤት ሆና ድምፁን ትቀንሰዋለች። ዘፈኑ ሲጀመር ትጨምረዋለች። ማታ ጀቤሳ ገብቶ ኮቱን ሳያወልቅ «ሰማሽው?» ይላታል። «ሰማሁት።» «ከመጀመሪያው?» «ከመጀመሪያው» ትለዋለች። እሱም ደስ ብሎት እጁን ሊታጠብ ይሄዳል።

ቅዳሜ ደገፋ ከወለንጪቲ መጣ። ማሲንቆውን አልያዘም፤ ያለ እሱ ስታየው ትከሻው የጎደለ መሰላት። «ረቢ ሲ ሃ ጀጀቤሱ» አላትና «እግዜር ያጥናሽ እቴ» ብሎ በአማርኛ ደገመላት። አጠገቧም ተቀመጠ። የነገውን ዝግጅት ስለከለከለች እንዳይቀየማት ነገረችው።

«አልቀየምም» አለ ደገፋ። «ብትፈቅጂም እንዴት እንደምጀምር አላውቅም። እዚያ ስቱዲዮ ቃኝቼ አላውቅማ።»

«ታዲያ ማነው ሲቃኝ የነበረው?»

ደገፋ ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

«አባትሽ ያስጠሩት ዕለት ማሲንቆውን ይዤለት መስኮቱ ሥር የቆምኩት እኔ ነኝ። ‹በሠርግም፣ በቤትም አልጫወትም። መቃኘት ብቻ አይከልክሉኝ› አላቸው። አባትሽ ሳቁ። ‹ተቃኝቶ ዝም ካለ እኔን ምን ከፋኝ› አሉት። ወጣና ያዘው አለኝ። የራሱ ማሲንቆ እኮ ነው፤ በእኔ እጅ ቀረ።»

ተሻለች ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ ያዘችው።

«እሁድ እሁድ ማይኩን ይከፍትና ከጭኔ ላይ ይወስደዋል» አለ ደገፋ። «ይቃኘዋል፣ አይቸኩልም። ዜማ ሊሆንበት ሲል ይተወዋል። ሲበቃው ይሰጠኛል። አባትሽ ካረፉ በኋላ ‹አሁንማ ማን ይጠይቅሃል፣ ተጫወት› ብዬው ነበር። ‹ቃሌን የሰጠሁት እሳቸው እንዲጠብቁልኝ ነው እንዴ?› አለኝ።»

«ለእኔ ምነው ሳይነግረኝ?»

«‹ምን እነግራታለሁ፣ ትሰማኝ የለም ወይ› ይል ነበር። ‹ከመጀመሪያው ጀምራ ነው የምትሰማው› ይለኛል።»

በቀብሩ ዕለት አልቅሳለች፤ በሰልስቱም አልቅሳለች። አሁን እንባዋ አልመጣም። አማተበች፤ ከንፈሯ ትንሽ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወንበር ሲደረድር የነበረውን ራህመቶን ጠራችው።

ዝግጅቱ ይተላለፍ አለችው። ኢፍቱም ትጫወት። ማሲንቆውን ግን ማንም እንዳይቃኘው። ጀቤሳ ይቃኝበት የነበረው ጊዜ እስኪያልፍ ማይኩ ተከፍቶ ዝም ይባል።

ራህመቶ ጆሮውን አሻሸ። «እትዬ፣ ሬዲዮ ዝም አይልም እኮ። ሰው ተበላሸ ብሎ ጣቢያ ይቀይራል።»

«ይቀይር።»

«ያለፈው እሁድ የቃኘውን አልነካሁትም» አለ ደገፋ። «በዚህ ሙቀት ላልቶ ይሆናል። እንደላላ እጫወትልሻለሁ። ግን መቼ እንደምጀምር በምን አውቃለሁ?»

«የእማማ ቡዜ ሽሮ ሲበስል» አለች ተሻለች።

አሰለፈች ይህን ስትሰማ ተቆጣች። ድንኳኑ ሳይነሳ ሰው ምን ይላል፣ የእድሩ ዳኛስ ምን ይላሉ አለች። ተሻለች አልተከራከረቻትም፤ ጀቤሳ በአባታቸው ቤት መስኮት ሥር ማሲንቆውን እንዴት አድርጎ ለደገፋ እንደሰጠው ብቻ ነገረቻት። አሰለፈች ሳታቋርጣት ሰማቻት። በመጨረሻ ራህመቶን «አንተ፣ በል እንዳለችህ አድርግ» አለችው። እሱም እሺ አለ።

እሁድ ከሰዓት አሰለፈች ራሷ ነጠላውን አንስታ ሬዲዮኑን ወደ ድንኳኑ በሚያየው መስኮት ላይ አስቀመጠችው። የራህመቶ ድምፅ መጣ፤ ማይክ ላይ ተናግሮ ስለማያውቅ ይንቀጠቀጣል። «መሣሪያው እስኪቃኝ ታገሱን» አለ።

ከዚያ ምንም የለም። ሴቶቹ ተያዩ። ከወንዶቹ በኩል አንዱ ተበላሸ እንዴ ብሎ አንሾካሾከ። ተሻለች ተነስታ ወደ መስኮቱ ሄደች። ጆሮዋን ስታስጠጋ የስቱዲዮው ቬንቲሌተር ሲዞር ይሰማል፤ አንድ ወንበር ሲጢጥ አለ፤ ደገፋ ተነፈሰ።

እጇን ዘርግታ ድምፁን ጨመረችው።