ይፋቅ፣ አይፋቅ

የልብስ ሰፊዋ ባልና ታናሽ ወንድሙ ተጋርተው የገዙት ባለ ሸራ ጀልባ፣ ተጎታች ጋሪው ላይ እንደተጫነ ግቢዋን ከዘጋ ይኸው ሦስት ዓመቱ። አንድ ቀን እንኳ ውሃ አልነካም። ምክንያቱ ሆዱ ላይ ያለው ቀይ ቀለም ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚከርም ጀልባ አረም እንዳይዘው የሚቀባው ዓይነት።

«ይፋቅ!» ይላል ባሏ። «የእኛ ጠዋት ገብቶ ማታ ቤቱ የሚመለስ ነው፤ ምን ያደርግለታል?»

«ጋሼ፣ ለክፉም ለደጉም ይቆይ» ይላል ታናሽየው፣ ወይ ፍንክች።

ቅዳሜ በመጣ ቁጥር መፋቂያ ይዘው ይወጣሉ፣ መዳፍ የምታህል ይፍቃሉ፣ ተጨቃጭቀው ይገባሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እሷ ልብስ ማስጫ አጥታ አንጀቷ አረረ።

ዛሬ ደግሞ ታናሽየው በመስኮት ጠራት። «እትዬ፣ እስቲ አንቺ ፍረጂን!»

መቀሷን እንደያዘች ወጣች። ጎንበስ ብላ አየች። የጀልባው ሆድ ላይ አንድም አረም የለም። የጋሪውን ጎማዎች ግን ሐረግ ተጠምጥሞባቸው ጨርሶ ውጧቸዋል።

«አረም የያዘው ጎማውን ነው» አለች። «ቀለሙን እሱን ቀቡት!»