የበደለኛ ሰሌን

ፌቱ ቀራፂ ናት፤ ከሳሞአ፣ ከውቅያኖስ መሀል ካለች ደሴት ነው የመጣችው። ከዚራ በተባለው ሰፈራችን ካረፈችበት ግቢ ፊት ለፊት፣ ዛፎቹ ሥር፣ የሰፈር ሴቶች ያዋጡላትን አሮጌ ሰሌን ስትሰፋ ወር ከርማ ቤት የሚያህል የባሕር ማዕበል አቆመች። አስተርጓሚዋም የሥራዋም ጠባቂ እኔ ነበርኩ።

በከተማችን በዓል ዋዜማ፣ በቀትር፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሲሸሽ፣ እኔም ባሕር ምን እንደሚመስል ሳስብ እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ። ስነቃ ማዕበሉ የለም። የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ኒቆዲሞስ፣ «እንግዳ ይመጣል፤ ይሄን ቆሻሻ አንሱ» ብለው በገልባጭ መኪና አስጭነው አስቃጥለውታል።

እየሮጥኩ ሄድኩባቸው።

«ቆሻሻ አይደለም፤ ሐውልቷ ነው!»

«ሐውልት ድንጋይ ነው፣ ወንድሜ። ሰሌን ሬሳ ነው የሚጠቀለልበት። ይልቅ ነገ ያገሯን ጭፈራ ትጨፍርልን፤ ሰርተፊኬት እንሰጣታለን።»

«ይቅርታ ይጠይቋት።»

«እኔ?» ሳቁብኝ።

ደሜ ፈላ። ፌቱ ስትሰፋ የነገረችኝ ትዝ አለኝ፤ በአገሯ የበደለ ሰው ሰሌን ተከናንቦ ተበዳዩ ደጅ ይንበረከካል። ሰሌኑን የሚያነሳለት ተበዳዩ ብቻ ነው። እኔስ ተኝቼ አልበደልኩም? ከባለሱቋ ከኤዶ ዓሻ ሰሌን ተውሼ በማግስቱ ጠዋት ተከናንቤው ፌቱ ደጅ ተንበረከክኩ።

«ኢናሊላሂ! ማነው የሞተው?» አለ አንድ ባለባጃጅ።

«ዋሪያ፣ ሬሳ ይንበረከካል እንዴ?» አለችው ኤዶ ዓሻ። «ይቅርታ እየለመነ ነው። ያቃጠለው ሰውዬስ የት አለ?»

«የት አለ?» አለ የተሰበሰበው ሰው።

ወሬው ደርሷቸው አቶ ኒቆዲሞስ በመኪና ከተፍ አሉ። «ተነስ! ከተማ ታዋርዳለህ!»

«እኔ ነኝ ከተማ ያዋረድኩት? የምታነሳኝ እሷ ናት!» አልኩ ከሰሌኑ ሥር ሆኜ።

ፌቱ ወጣች። የሰሌኑን አንድ ጠርዝ ብድግ አድርጋ ለአቶ ኒቆዲሞስ ያዘችላቸው፤ ከጎኔ ለሌላ ሰው የሚበቃ ቦታ አለ። እሳቸው ሱፋቸውን አዩ፤ ሰዓታቸውን አዩ። ጉልበታቸው አልታጠፈም።

እኔን ገለጠችኝ። ሰሌኑን ወስዳ ከመኪናቸው ፊት አስፋልቱ ላይ ዘረጋችውና ተመልሳ ገባች።

«ንዳ!» አሉት ሾፌሩን።

ሾፌሩ ሰሌኑን አየ፤ ሰዉን አየ። ሞተሩን አጠፋና ወረደ።

«እኔ አልረግጠውም፣ ጋሼ።»

አቶ ኒቆዲሞስ እንግዳቸውን ሊቀበሉ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ሄዱ።