ጎን ለጎን የሚሄዱ አምስተኞች

ጉንቮር ሃልስትረም በሁለት ቀን ውስጥ አንድ ሙሉ ላጲስ ጨረሱ። ወጥ ቤታቸው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው፣ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው፣ የቶርኬልን የኖታ ወረቀቶች እያገላበጡ ያጠፋሉ፣ በላዩ ይጽፋሉ፣ ፍርፋሪውን እፍ ይላሉ። አንዳንዴ ወረቀቱን ከፊታቸው ራቅ አድርገው፣ "ኧረ በጌታ! ይኼንን ደግሞ ማን አስተማረህ?" ይላሉ። ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ቶርኬል ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ የኦርጋን ተማሪያቸው ነበር። አሥራ ስድስት ሲሞላው የኤሌክትሪክ ጊታር ገዛና ከቤተ ክርስቲያኑ ሰገነት ጠፋ። ከመንደሩ ግን አልጠፋም፤ በረዶ በጣለ ቁጥር የጉንቮርን ደጃፍ የሚጠርገው እሱ ነው። ጠርጎ ሲጨርስ ቡና ይጠጣል፣ ስለ ድመቷ ጤና ይጠይቃል፣ ይሄዳል። ስለ ሙዚቃ ብቻ አይነሳም። እሱ በተዘጋው የወተት ፋብሪካ ውስጥ ከሮኒ፣ ከከበሮ መቺው ጋር፣ ሄቪ ሜታል ሲያስጮህ ይውላል። እሳቸው በረዶ ላይ በእግር እየተገፋ የሚንሸራተተውን ወንበራቸውን እየነዱ በዚያ ሲያልፉ ቆም ይሉና ያልተፈታ የጫማ ክራቸውን ያስራሉ። በዚያ ሁሉ ጩኸት ውስጥ ጣቶቹን ይለዩዋቸዋል። ድምፁ ብረት የሚፈጭ ይመስላል፤ የጣቶቹ ሩጫ ግን ያው ከሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት በፊት የነበሩ የኦርጋን ሊቆች የጻፉት፣ እሳቸው በልጅነቱ ያስጠኑት ሩጫ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ለማንም አልተናገሩም።

በእነሱ አቆጣጠር 1986 እንደገባ፣ ጎተንበርግ ያለ አንድ የሙዚቃ ኩባንያ ቶርኬልን "አንድ አልበም እናውጣልህና እናያለን" አለው። "እናያለን" ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቀዋል፤ የመጀመሪያው ካልሆነ ሁለተኛ የለም። ቶርኬል ዘጠኙን ትራክ ወተት ፋብሪካው ውስጥ ቀድቶ ጨረሰ። አሥረኛው ለኦርጋን፣ ለጊታርና ለከበሮ የጻፈው ፉጋ፣ ድምፆች እየተከታተሉ አንድ ዜማ የሚቀባበሉበት የድሮ ዓይነት ድርሰት ነበር። ወረቀቱን በብብቱ ይዞ፣ ኮፍያውን አውልቆ በራቸው ላይ ቆመ።

"ፍሮከን፣ አንድ ነገር ላስቸግርሽ።"

"በረዶውን ጠርገኸዋል አይደል? ምን ቀረህ?"

"አሥረኛውን አንቺ እንድትጫወቺልኝ ነው። እምቢ ካልሽ ዘጠኝ ሆኖ ይወጣል እንጂ ሌላ ሰው አላስነካም።"

ፍሮከን የሚሉት አስተማሪያቸውን ነው። ከዚያ በተረፈ በዚያ አገር ከንጉሡ በቀር አንቱ የሚባል ሰው የለም፤ የዚህ ታሪክ ተራኪ ግን ስንት ዘመን አብሯቸው ኖሮም ምላሱ እሺ አላለውም፣ ጉንቮርን አንቱ ይላል።

ጉንቮር "እስቲ አየዋለሁ" ብለው በሩን ዘጉና ከበሩ ጀርባ ቆመው ቀሩ። ሠላሳ ስምንት ዓመት የመንደሩን ሰው ሲጠመቅም ሲያገባም ሲቀበርም ተጫውተውለታል። ኦርጋኑ ያለው ከበሩ በላይ፣ ከኋላ ነውና ምእመኑ የሚሰማቸው ጀርባውን ሰጥቷቸው ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ "እስቲ ይህን እንቅዳው" ብሏቸው አያውቅም። ስልሳ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። ስማቸው ዲስክ ላይ ሊጻፍ ነው። በደስታ መነጽራቸውን ፍለጋ ሄዱ።

ወረቀቱን ሲገልጡ ግን ደስታው ቀዘቀዘ። አምስተኞች! ገጹ ሁሉ አምስተኛ ነው። እሳቸው በተማሩት ትምህርት ቤት፣ ሁለት ድምፆች በመካከላቸው የአምስት ኖታ ርቀት ይዘው ጎን ለጎን አብረው ከሄዱ፣ ነውር ነው። እያንዳንዱ ድምፅ የራሱ መንገድ ሊኖረው ይገባል፣ ተቃቅፎ መሄድ የሰነፍ ሥራ ነው ተብለው አድገዋል። ለጊታረኛው ደግሞ የሄቪ ሜታል ክብደት ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ሁለቱን ወፍራም ክሮች በሁለት ጣት ይዞ ወደ ላይም ወደ ታችም እንዳለ መንሸራተት። ቶርኬል ይህንኑ ለኦርጋኑ ግራ እጅና በእግር ለሚረገጡት ቁልፎቹ ጽፎለታል።

በቀይ አላረሙትም። ቀይ እርሳስ ልጅ ያስደነግጣል ብለው ስለሚያምኑ ዕድሜ ልካቸውን የሚያርሙት አጥፍተው በላዩ በመጻፍ ነው። ማክሰኞ ዕለት ወረቀቱን መለሱለት።

"አሁን ጸዳ" አሉት። "አርባ አንድ ነበሩ።"

"ተቀምጠሽ ቆጠርሻቸው?"

"ምን እቆጥራቸዋለሁ፣ አንድ በአንድ ወጉኝ እንጂ።"

"ፍሮከን፣ እኔ እኮ ሆን ብዬ ነው ያደረግኩት።"

"ሌባም ሆን ብሎ ነው የሚሰርቀው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስለ ኢንጌየርድ ነግሬሃለሁ አይደል? አብራኝ የተማረችው፣ አሁን ካቴድራል የምትጫወተው። ትሰማዋለች እኮ ቶርኬል። ስሜ አለበት። 'ጉንቮር ገጠር ገብታ አምስተኛዋን እንኳ መስማት አቃታት' እንድትለኝ አልፈልግም።"

ቶርኬል ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አየ። ጆሮውን ጎተተ። "እሺ፣ ፍሮከን" አለ።

ረቡዕ የጾሙ መግቢያ ነበር። ቄሱ ቤተ ክርስቲያኑን የፈቀዱላቸው ለማታው ጸሎት እስኪዘጋጅ፣ ከቀኑ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ ነው፤ ካሴቱ ደግሞ ዓርብ ጠዋት ጎተንበርግ መድረስ አለበት። ድምፅ የሚቀዳው ስቲግ መሣሪያውን በጫነበት አሮጌ አውቶቡስ መጥቶ ከመቃብሩ አጥር ጋ አቆመ፣ ገመዱንም በመስኮት አስገባ። የጊታሩን ድምፅ ማጉያ ዕቃ ቤት ውስጥ ዘግተውበት ቶርኬል ራሱ ሰገነቱ ላይ ከጉንቮር አጠገብ ቆመ። ኦርጋን ለማንም አይቃኝም፤ ቶርኬል ጊታሩን ለኦርጋኑ ቃኘ።

ሮኒ ከታች ከበሮውን እየገጠመ ለስቲግ የሚያንሾካሽከው ግን ግድግዳው እየተቀባበለ ሰገነቱ ድረስ ይሰማ ነበር።

"ዘፈኑን ገላውን አጥባ፣ ጥፍሩን ቆርጣ፣ ፀጉሩን አበጥራ መለሰችለት።"

"ሮኒ!" አለ ቶርኬል ከላይ። "አፍህን ትዘጋለህ ወይስ ወርጄ ልዝጋልህ?"

"ምን አልኩ? ንጹሕ ልጅ ሆነ ነው ያልኩት!"

ጉንቮር ያልሰሙ መስለው የኦርጋን ጫማቸውን አጠለቁ። ጆሯቸው ጋለ።

ተጫወቱ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድም ጣት አልሳተም። ከዚያ አራቱም አውቶቡሱ ውስጥ ተጣበው ተቀመጡ፣ ስቲግ ለጉንቮር የሱፍ ብርድ ልብስ ደረበላቸው፣ እዚያ በጾም ክሬም የሚከለክል የለምና ሮኒ ከትናንት የተረፈ ክሬም ያለው የጾም መያዣ ዳቦ አደላቸው፣ ካሴቱም ዞረ።

ምንም ስህተት የለበትም። እያንዳንዱ ድምፅ በየመንገዱ በጨዋነት ይሄዳል። ጊታሩ ይሮጣል፣ ኦርጋኑ ይመልስለታል፣ ከበሮው ከኋላ ይከተላል፤ ከሥር ግን የሚቆሙበት መሬት የለም። በደንብ የተተኮሰ ሸሚዝ ነበር፣ ሰው ያልለበሰው። ጉንቮር ዳቧቸውን ይዘው ሳይቀምሱት ቀሩ።

ካሴቱ ቆመ።

"ንጹሕ ነው" አለ ስቲግ።

"በጣም ቆንጆ ነው፣ ፍሮከን" አለ ቶርኬል ጆሮውን እየጎተተ።

ጉንቮር ያንን ጆሮ ያውቁታል። በዘጠኝ ዓመቱ "ተለማምጃለሁ" ሲላቸውም እንዲሁ ይጎትተው ነበር። ነገሩ ያን ጊዜ ገባቸው። ይህ ልጅ ያለችውን አንዲት ዕድል እንዲህ አድርጎ ሊልካት ነው፤ እሳቸውን ላለማሳዘን ብሎ። ኢንጌየርድ የምትለውን የፈሩት እሳቸው፣ ኩባንያው የሚለውን የሚሰማው ግን እሱ ነው። ይህን ልጅ ይወዱታል። ወልደው አያውቁም፤ ቢወልዱም ከዚህ የበለጠ የሚወዱት አይመስላቸውም። አንገታቸው ድረስ አፈሩ።

"አስቀያሚ ነው" አሉ።

"ምኑ?" አለ ስቲግ።

"ሁሉም። እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ቶርኬል፣ ያጠፋሁትን መልሰው። ዋናው ወረቀት የታለ?"

ቶርኬል እጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየና እሳቸውን አየ። "ዋናው ይኸው ነው።"

"ግልባጩስ?"

"ግልባጭ የለውም።"

"አላስቀረህም?"

"ላንቺ ስሰጥ መቼ ግልባጭ አስቀርቼ አውቃለሁ?"

ሮኒ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። "በሉ እንግዲህ፣ ተዘጋ" አለ።

"ታዲያ አስታውሰህ ጻፈዋ!" አሉ ጉንቮር።

"የጊታሩን ጣቴ ያውቀዋል። የኦርጋኑን ግን ሦስት ወር ሙሉ በየቀኑ እየቀየርኩ ነው የጻፍኩት። የመጨረሻው የትኛው እንደነበር..." እርሳሱን አነሳ፣ አንድ ቦታ ላይ ጻፈ፣ ሰረዘ፣ ደግሞ ጻፈ። "እዚህ ጋ ወርዶ ነበር መሰለኝ። ወይስ ወጥቶ ነው?"

ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው። ጉንቮር ወረቀቱ ላይ አጎንብሰው የጠፋውን የእርሳስ ዱካ በመስኮቱ ብርሃን ለማየት ሞከሩ። ጥሩ ላጲስ ነበር፤ ምንም አላስቀረም። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጨፍነው ትንሽ ቆዩና ፊታቸው ኮሶ እንደጠጣ ሰው ተጨማደደ።

"ገጽ አንድ፣ ሁለተኛው መስመር፣ ግራ እጅ" አሉ። "ከታች ሬ ከላ ጋር፣ ከዚያ ዶ ከሶል ጋር። ዘጠኝ ዓመት ያላስተማርኩህ ይመስል፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ሬ ይመለሳል። ጻፍ እንጂ!"

ቶርኬል ጻፈ።

"እዚያው ገጽ፣ አራተኛው መስመር። እግር። ይኼኛው ይባስ፣ አምስት ተከታትለው ይወርዳሉ። አንዱም አያፍርም።"

"ትዝ ይልሻል?" አለ ቶርኬል ቀና ብሎ።

"ጫማህ ውስጥ ጠጠር ቢገባ የት ጋ እንደሚቆረቁርህ ትረሳዋለህ?"

እንዲህ እያሉ ሄዱ። የሚያምረውን ቦታ ሁሉ አላስታወሱትም፤ ያንገበገባቸውን ግን አንዱንም አልሳቱም። ሁለተኛው ገጽ ላይ ሲደርሱ ሮኒ ሳቅ ጀመረ፣ ስቲግም ተከተለው፤ ጉንቮር እያንዳንዱን ነውር በስሙ እየጠሩ፣ እየተቆጡ፣ ሲያስጽፉ ሃምሳ ደቂቃ አለፈ። ቶርኬል አልሳቀም። ሲጽፍ አፍንጫውን በእጅጌው ይጠርግ ነበር፣ ብርዱ ነው አለ።

ዘጠኝ ሰዓት አልፎ እንደገና ሰገነቱ ላይ ወጡ። ማሞቂያው ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ስለዋለ የኦርጋኑ ቅኝት ከፍ ብሏል፤ ቶርኬል ክሮቹን አንድ በአንድ ደግሞ ቃኛቸው። "አንዴ ነው ያለን" ብሎ ስቲግ ከታች ጮኸ።

ጉንቮር የመጀመሪያውን አምስተኛ ሲረግጡ እግራቸው ትንሽ አመነታ። ሁለተኛው ላይ አላመነታም። ሦስተኛው ላይ አግዳሚ ወንበሩ ከሥራቸው ተንቀጠቀጠ፣ የሰገነቱ ሳንቃም አብሮ፣ ጊታሩም በዚያ ላይ ቆሞ ሮጠ፤ አሁን መሬት አለው። ጩኸት መስሏቸው የኖሩት ነገር ክብደት ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ያንን ኦርጋን ሲጫወቱ ይህን ያህል ጉልበት እንዳለው አያውቁም ነበር። በሙሉ አፋቸው ሳቁ፣ ማንም ግን አልሰማቸውም።

የመጨረሻው ድምፅ ጣሪያው ሥር ዞሮ ዞሮ ሞተ። ስቲግ ትንሽ ቆይቶ በበሩ ብቅ አለ።

"እግዚኦ! እንዴት ያለ ነገር ነው!" አለ። "መጨረሻው ላይ ብቻ የፍሮከን እግር የሳተ መሰለኝ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ነገር ሰማሁ። ቄሱ ሳይመጡ ያንን ጫፍ እንድገመው?"

ቶርኬል የመጨረሻውን ገጽ አየ። እግሩ አንድ ቦታ ላይ ብቻውን ነው የተጻፈው፣ እሱም እንደዚያ ነበር የጻፈው። ወደ ጉንቮር ዞረ።

ጉንቮር ከአግዳሚው ተነሱ፣ የሰገነቱን መደገፊያ በሁለት እጃቸው ይዘው ወደ ታች አጎነበሱ።

"አልሳትኩም!" ብለው ጮኹ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ ሰማቸው። "አራት አምስተኞች ጨመርኩ፣ ጎን ለጎን! የኔ ናቸው! እንዳሉ ይውጡ!"

ቶርኬል ጊታሩ አንገቱ ላይ እንዳለ አቀፋቸው፣ ጊታሩም መሀል ገብቶ ወጋቸው።

"ኢንጌየርድስ?" አላቸው።

"አንዱን ዲስክ እኔ ራሴ እልክላታለሁ" አሉ ጉንቮር፣ የኦርጋን ጫማቸውን ለማውለቅ እየተቀመጡ።