ጎታው ውስጥ የተደበቀው ልጅ

ፊደል ስላልቆጠርኩ ከሰው አይቆጥሩኝም። ፈንጣጣ ፊቴን ወንፊት ያደረገው፣ በአንድ ሳምንት ሁለት ልጅ ያስቀበረኝ እኔን ጠጅቱን ሆኖ ሳለ፣ ስለ ፈንጣጣ የሚጠይቀኝ ጠፋ! ምክሩ ሁሉ ከወንዶቹ ጋር።

በንጉሡ ጊዜ ነው፤ ሰበታ ዳር። በሽታው ቡራዩ ደርሷል ተባለ። ጭቃ ሹሙ ኦቦ ሞቱማም፣ "ሕፃን ሁሉ ይከተብ፤ ልጁን የደበቀ አባት ይታሰራል" ብሎ ለፈፈ።

በማግስቱ ጧት ከከታቢው ከተድላ ጋር ደጃችን መጣ። ከኋላቸው ጠመንጃ ያነገተ ነጭ ለባሽ። አይ መድኃኒት ማምጣት! ምራቴ ገለቴ ጠመንጃውን ስታይ ቀልቧ ተገፈፈ። የሦስት ወር ልጇን ጤፍ የምናኖርበት ጎታ ውስጥ ከተተችውና ቁርበት ደፋችበት።

"ሕፃን አለ?" አለ ተድላ።

"የለም፤ ሆለታ እናቴ ዘንድ ነው" አለች። ጡቷ ግን ቀሚሷን አርሶታል።

"ውሸቷን ነው፤ አለ!" አልኩ።

"እማማ አርጅተዋል። የሞተውን ካለው ይቀላቅላሉ።"

ተድላ አመናት! ራሱን ነቅንቆ ዞረ። እሷም ጠጋ ብላ፣ "ከተገኘ አባቱን፣ ልጅዎን ደቻሳን ይወስዱታል" አለችኝ በሹክሹክታ።

ከጎታው ሳል ሰማሁ። አንዴ። ከዚያ ጸጥ። ፈንጣጣን ያየሁ ሴት ነኝ፤ እንደዚያ ጸጥታ ግን የፈራሁት የለም። ቁርበቱን ገፍፌ ልጁን አንጠልጥዬ አወጣሁት። አፉ አቧራ፣ ከንፈሩ ጠቁሯል። አፉን በጣቴ ጠርጌ ጀርባውን መታሁት። ምንም። ደግሜ ስመታው ጮኸ።

ይሄኔ ነጭ ለባሹ፣ "አባቱ የት አለ?" ብሎ ደቻሳ ወዳለበት በረት አመራ። ገለቴ ልጁን ነጥቃኝ ወደ ጓሮ ተፈተለከች። ከሮጠች ከታቢው አያገኛትም፤ በሽታው ግን ያገኛታል።

"በንጉሥ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ። ንጉሥ ከተጠራ መቆም ግድ ነው፤ እሷም ነጭ ለባሹም ባሉበት ቀጥ አሉ።

"ስማ ኦቦ ሞቱማ! ይህን ጠመንጃ ከደጄ አስወጣልኝ። ደቻሳን እንደማታስር፣ እሷ እየሰማች 'ንጉሥ ይሙት' ብለህ ማል። አንተ ተድላ፣ ያቺን መርፌህን መጀመሪያ እኔ ክንድ ላይ አሳርፋት፤ ገለቴ ትይ። ከዚያ አረፍ ብለህ ጠብቅ፣ ልጇን በገዛ እጇ ትስጥህ። በሉ እንጂ!"