የማጣሪያው ብሎን

ነጂዋ ከነጋ ጀምሮ ስትራገም ነበር። መጀመሪያ ሞተሩን ረገመች፣ ቀጥላ ናፍጣ የሸጠላትን ሰውዬ፣ መጨረሻ ላይ ነገሩን ሁሉ ወንድሟ ላይ ጫነችው። አይፈረድባትም። ትናንት ሐይቁ መሃል፣ ማዕበሉ ተነሣ በተባለበት ሰዓት፣ ጀልባዋ ተንቀጥቅጣ ተንቀጥቅጣ ጸጥ አለችባት። ተሳፋሪው ልጆቹን አቅፎ ሲንጫጫ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ቀሚሷን ይዛ "አታስጨርሽን" ስትላት፣ እሷ የቆመውን ሞተር ለማስነሣት ትታገል ነበር። ሌላ ጀልባ ደርሶ ባይጎትታቸው ምን ይውጣቸው ነበር? ወደብ እንደገባች ማንም እንዳይነካው የሞተሩን ክዳን ቆልፋ ቁልፉን ይዛው ሄደች።

"ዛሬ ምክንያቱን ካላገኘህልኝ ከዚህች ጀልባ ትወርዳለህ" አለችው። "የእናቴ ልጅ ነህ ብዬ የሰው ነፍስ አላስበላም። ምያለሁ!"

 ድሮም ከመካኒኩ ወንድሟ አፍ ቃል ለማውጣት ጉጠት ያስፈልጋል። ክዳኑን ስትከፍትለት ሞተሩ ካለበት ጉድጓድ ገባና "አስነሺው" ብቻ አለ።

ሞተሩ ተነሣ። ይነሣል እንጂ አይረጋም፤ አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ወለሉ ከእግሯ ሥር ይንዘረዘራል። ማርሹን እንድታወጣ አደረገ፤ ያው ነው። እንግዲህ ውኃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ገመድ ጠልፎ አይደለም። ቀጥሎ ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች የሚያደርሱትን ቱቦዎች በየተራ አላላ። አንዱን ባላላ ቁጥር የሞተሩ ድምፅ እኩል ወረደ። ከመካከላቸው የሰነፈ ቢኖር ኖሮ እሱ ሲላላ ድምፁ ባልተለወጠ ነበር። እሷ ከላይ ሆና ዓይኗን ከእጁ አልነቀለችም።

"በየት በኩል ነው ታዲያ? ጋኔን ገባበት?"

"እስኪ ትንሽ ልየው። አንቺ ሂጂና ሻይ ጠጪ።"

"ሻይ?" ደሟ ፈላ። "ትናንት ሰው ላስጨርስ፣ ዛሬ ሻይ ልጠጣ? ተነሥ!"

ገፍታው ወረደች። ነጂ ብትሆንም የመካኒክ ልጅ ናት፤ ሞተር አይጠፋትም። ከናፍጣ ማጣሪያው ወደ ፖምፓው የሚሄደውን ቱቦ ነቅላ በምትኩ ውስጡን የሚያሳይ ላስቲክ ቱቦ ሰካች። "አያስፈልግም፣ እታለም" አላት። አልሰማችውም። ሞተሩ ሲነሣ በናፍጣው መሃል አረፋ እየተከታተለ አለፈ። አየር እየዋጠ ነው! እጇን ሰድዳ ማጣሪያው ራስ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ስትነካት፣ ያለ መፍቻ በጣቷ ዞረች። ፖምፓው ወደ ራሱ ስለሚስብ ብሎኗ ናፍጣ አታፈስም፤ አየር ታስገባለች እንጂ። ማን ሊያያት?

"ከፍተህ ሳትዘጋ ሄድክ!"

"እኔ አልነካኋትም።"

"ታዲያ ማን ነካት?"

ዓይኑ ሳያስበው ወደ ሐይቁ ዳር ሄደ። አባታቸው በእንጨቱ መተላለፊያ ላይ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ መፍቻ ይዘው ቀስ እያሉ ይመጣሉ።

ያኔ ገባት። የዚህችው ጀልባ የድሮ ሞተር ሌሊት አየር እየሳበ ስለሚያድር፣ ጠዋት ጠዋት አየሩ ካልወጣለት አይነሣም ነበር። አባባ ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሎን ፈትተው አየሩን እያስወጡ፣ መልሰው ሲያጠብቁ ኖሩ። ያ ሞተር ተነቅሎ ከተጣለ ቆየ፤ ይኼኛው እንዲህ ያለ ነገር አያስፈልገውም። ለእሳቸው ግን ሞተር ሁሉ ጠዋት ካላስተነፈሱት ይታፈናል።

"ታውቅ ነበር" አለችው።

"አባባን እየተከተልኩ አጠብቃት ነበር። ትናንት አንቺ ናፍጣ ቅዳ ብለሽ ላክሽኝ፤ ስመለስ ተሳፋሪ ጭነሽ ሄደሻል።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"እጃቸው ከዳቸው እንዴት ልበል? ዝም አይነቅዝም ብዬ ነው።"

"አይነቅዝም፤ ሰው ግን ያሰጥማል!" ጮኸችበት። ልትመታው እጇን አንሥታ መለሰችው። "ያቺ ነፍሰ ጡር ብትሰጥም ኖሮ ዝምታህን ለባሏ ትነግረው ነበር?"

አባባ ከጀልባዋ ገብተው "ምን ሆናችሁ ነው እንደ ድመት የምትቧጨሩት?" አሉ። "ዞር በሉ፣ ላስተንፍሰው።"

"አባባ፣ እስኪ ይቺን ብሎን ያጥብቁልኝ" አለች። ድምፅዋን ዝቅ አደረገች እንጂ ንዴቷስ እዚያው ነበር።

ተንበረከኩ። መፍቻውን ብሎኗ ላይ አስገቡ፣ ጥርሳቸውን ነክሰው አዞሩ። ክንዳቸው እስከ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። "በቃ፤ ከዚህ በላይ ከጠበቀች ትበጠሳለች።"

ነጂዋ እጇን ዘርግታ ብሎኗን በሁለት ጣቷ መልሳ ፈታቻት። እንዲህ ማድረጓን ራሷ ጠላችው፤ ግን አደረገችው።

አባባ የተፈታችውን ብሎን በጣታቸው ነክተው ወደ ወንድ ልጃቸው ዞሩ። "ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ክረምቱ ከወጣ ጀምሮ።"

"እኔ ስሄድ አንተ ታጠብቃለህ?"

"አዎ፣ አባባ።"

"እሷ ትቆጣኝ፤ ልጄ ናት። አንተ ግን እንደ ሕፃን ስታጫውተኝ ከረምክ። በሰው ነፍስ ላይ! መካኒክ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፍቼ ስሄድ፣ አንተ ከኋላዬ..." መፍቻውን መልሰው በጨርቁ ጠቀለሉት።

ለመውረድ ሲነሡ ወንድሟ እጁን ዘረጋላቸው። አላዩትም። የእሷን ትከሻ ያዙ፤ ክብደታቸውን ሁሉ ጣሉባት። እንደተደገፏት መሬት ደረሱ።

"ወንድምሽን ከጀልባዋ እንዳታወርጂው" አሏት ቁጣቸው ሳይበርድ። "ከዛሬ ጀምሮ ከእሱ ሌላ መካኒክ የለሽም።"