ሰማያዊው ክዳን

ወንድሜን ለመቅበር የቀረን ሁለት ሰዓት ነበር። የመቃብሩ በር በአሥራ አንድ ይዘጋል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ አስከሬኑ በሰባት ቁጥር አውቶቡስ ተጭኖ ጋራዡ ግቢ ውስጥ ቆሟል። በሰባት ቁጥር ይሂድ ያለችው ሚስቱ ናት። አሥር ዓመት በእጁ የያዛት መኪና ስለሆነች ሌላ አታቅርቡ አለች።

እኔ ታላቁ ነኝ፤ የጋራዡ ዘበኛ። እሱ መካኒክ ነበር።

በእኛ ጋራዥ ሠራተኛ ሲሞት፣ አስከሬኑ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሞተር ሁሉ ይጠፋል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። አሥራ ስምንት አውቶቡስ ባንዴ ዝም ሲል ግቢው ሰው የለቀቀው ቤት ይመስላል። ያን ቀንም ሹፌሮቹ ሁሉ አጠፉ። የሰባት ቁጥሩ ሹፌርም አጠፋ፤ ቶሎ ቶሎ ነው የምንለው። ባርኔጣችንን አውልቀን ቆምን። ከዚያ ሁሉም አስነሱ። ሰባት ቁጥር አልነሳም አለች።

ቶሎ ቶሎ ቁልፉን ደጋግሞ አዞረው። ሞተሩ ትንፍሽ አላለም።

"ምን ሆነች?" አለ የጋራዡ ኃላፊ።

"ሽንቷ አልቋል" አለ ቶሎ ቶሎ። ከኋላው ሬሳ መኖሩ ትዝ ሲለው አንገቱን ደፋ።

ሽንት የምንለው ከናፍጣው ክዳን ጎን ባለው ሰማያዊ ክዳን የሚገባውን ፈሳሽ ነው። ገበሬ ማሳው ላይ ከሚበትነው ከዩሪያና በደንብ ከተጣራ ውሃ ይሠራል። ከናፍጣው ጋር አይገናኝም፤ የራሱ ታንከር አለው፤ በጋራዡ ይህ ታንከር ያላት ሰባት ቁጥር ብቻ ናት። ወንድሜ ለአዲስ ሹፌር ሲያስረዳ "የሚታየውን ጭስ ሰው ይሸሸዋል፤ የማይታየውን ግን ሳያውቅ ይምገዋል" ይል ነበር። ፈሳሹ ትኩሱ ጭስ ላይ ይረጭና ያንን የማይታይ መርዝ ተራ አየርና እንፋሎት ያደርገዋል። "መብራት እስኪበራ አትጠብቁ። ናፍጣ ሁለቴ ስትቀዱ እሱን አንዴ ሙሉ" ይላቸዋል። መብራቱ ከበራም በኋላ መኪናው ብዙ ቀን ይታገሳል። ፈሳሹ ጭራሽ ሲያልቅም መንገድ ላይ ጥሎህ አይቆምም። ሞተሩን አንዴ ካጠፋህ ግን አይነሳም።

ባናጠፋት ኖሮ ታደርሰው ነበር። ለክብሩ ብለን አጠፋናት።

መብራቱን አይቼዋለሁ። ወንድሜ ሆስፒታል ከገባ አራት ሳምንት ሆኖት ነበር፤ የፈሳሹ መጋዘን ቁልፍ ደግሞ ከእሱ ሌላ ማንም ጋ የለም። በየጠዋቱ በር ስከፍት አያለሁ፤ መጀመሪያ ቢጫ ነበር፤ በኋላ ቀይ ሆነ። ቁልፉን ልጠይቀው ሁለቴ ሄድኩ። ሁለቴም አልጋው አጠገብ ተቀምጬ ስለ ዝናቡ አውርቼ ተመለስኩ። ያንን ቁልፍ ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

"በሌላ መኪና እናዛውረው" አለ ኃላፊው።

"ከዚህች አይወርድም" አለች ሚስቱ ከአውቶቡሱ ደረጃ ላይ።

ቶሎ ቶሎ የማጠቢያውን የውሃ ጎማ እየጎተተ መጣ። "ውሃ እንስጣት። አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ነው፤ ምን ትሆናለች?" ሰማያዊውን ክዳን ከፈተ።

እጁን ያዝኩት።

"ጋሼ፣ ይልቀቁኝ እንጂ፤ ሰዓት የለንም።"

"ውሃ ከገባባት አለቀላት።"

"እርስዎ ደግሞ መቼ መካኒክ ሆኑ? በሩን ይጠብቁ" አለኝ። ከኋላ አንድ ሁለት ሰው ሳቁን ዋጠ።

"ከዘጠኝ ዓመት በፊት ውሃ የጨመርኩባት እኔ ነኝ" አልኩ።

ጎማው ከእጁ ወደቀ። መሬቱን እያረጠበ ይፈስ ጀመር፤ የዘጋው የለም። ያን ጊዜ ሰባት ቁጥር አንድ ወር መቆሟን የማያስታውስ ሠራተኛ አልነበረም።

"የወንድሜ ልጅ የተወለደች ቀን ነው። ሙላልኝ ብሎ ቁልፉን ሰጠኝና ሄደ። ጄሪካኑ ከእጄ አምልጦ ፈሳሹ ተደፋ። ከውሃ ምን ይለያል ብዬ በጎማ ሞላሁ። ሲጠይቀኝ፣ እንዳልከኝ አድርጌአለሁ አልኩት።"

የቀረውን እነሱም ያውቁታል። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ጨውና ኖራ መርጫውን ደፈነው፤ ማጣሪያውንም ገደለው። ወንድሜ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ብሎ ፈረመ። ከዋና መካኒክነት አውርደው ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፤ ዘጠኝ ዓመት ከመኪና ሆድ ሥር እያሳለው ሠራ። እኔ ሆድ ይፍጀው ብዬ በር ከፈትኩ፤ በር ዘጋሁ።

ሚስቱ ከደረጃው ወረደች። ሆስፒታል የሰጣትን የልብስ ፌስታል እንደያዘች ነበር፤ ገና አልፈታችውም። መሬት ላይ ተቀመጠችና ፈታችው። ጫማውን አወጣች፤ ሹራቡን አወጣች። ከሸሚዙ ኪስ በጫማ ክር የታሰረ ቁልፍ ወጣ።

"ከዚያ ወዲህ ነው ከአንገቱ ያላወረደው" አለች። "ሲተኛም።"

እጄን ዘረጋሁ። አለፈችኝና ለቶሎ ቶሎ ሰጠችው።

"አንተ ክፈት። እሱ ይሙላ።"

እስከዚያች ሰዓት 'እሳቸው' ነበር የምትለኝ።

መጋዘኑ ውስጥ ያልተከፈቱ ሁለት ጄሪካኖች ነበሩ። የገቡበትን ቀን ወንድሜ በጠመኔ ጽፎባቸዋል፤ እንዳያረጅ ሁሌም ይጽፍ ነበር። ሁለቱንም ቀዳሁ። አንድ ጠብታ መሬት አልነካም። ቶሎ ቶሎ የመኪናዋን ቁልፍ ከፍቶ ጠበቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጠብቅ አየሁት። ቀዩ መብራት ጠፋ። አስነሳ፤ ተነሳች።

ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን መቃብሩ በር ደረስን። በሩ ክፍት ነበር። ቶሎ ቶሎ እጁ ቁልፉ ላይ እንዳለ ዞሮ አየኝ።

"ጋሼ፣ ላጥፋት?"

ሁሉም አየኝ። እሷም አየችኝ።

"አጥፋት" አልኩ። "ትነሳለች።"

አጠፋት። ወፍ ተሰማ። ሳጥኑን ለማውረድ ሰዎቹ ተሰለፉ፤ እኔ ወደ ኋላ ቀረሁ። እሷ ከሁሉም መሀል ጠራችኝ።

"ከእግሩ በኩል ያዝ" አለችኝ።

ያዝኩ።